ነፋሱ አልዞረም

«አንተ የመጣኸው ልታለቅስ ነው ወይስ ልታነብ?» አለች የሟቹ እህት።

መምህሩ ወረቀቱን ከኮቱ የውስጥ ኪስ እስከ ግማሽ አውጥቶት ነበር። እንዳይመልሰው ሰው አይቶታል፤ እንዳይዘረጋው ሴትዮዋ ዓይኗን ተክላበታለች። ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው፤ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው። በዚህች አሮጊት ፊት ግን ዛሬም ቁምጣ ለባሽ ነው።

«ሁለቱንም ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አልቅስ።»

ግድግዳ ተደግፈው ከተቀመጡት አንድ ሁለቱ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ ሲመጣ እያዘገመ ነው፤ ሲሄድ ሮጦ ነው። ወዲያው ሁሉም ወደ ሻይ ብርጭቆው አቀረቀረ።

የሟቹ ልጅ በሩ አጠገብ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «እግዜር ያጥናሽ» የሚሏትን ትቀበላለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የአባቷን መሮና መላጊያ የተረከበችው እሱ በሕይወት ሳለ፣ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ አናጢዋ ይላታል። ትናንት የተቀበረበትን ሳጥንም የሠራችው ራሷ ናት። ጎረቤት ገዝተን እናምጣ ቢላት፣ አባቴ ሌላ ሰው በሠራው ሳጥን ውስጥ ቢተኛ ሲነቅፍ ይኖራል እንጂ አያርፍም ብላ መለሰችው።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ከተማዋ የተመሠረተችበት ስድሳኛ ዓመት ሊከበር ስለሆነ ኮሚቴው ታሪኳን ጽፈህ አምጣ ብሎት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ለደጅ ሲጠይቅ ከርሟል። መጽሐፉ ከነገ ወዲያ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ስለ እሳቱ የሚናገረውን ገጽ ለሟቹ ቤተሰብ ላንብብላቸው ማለቱ ከአክብሮት ነው። ስለዚህ መነጽሩን አደረገ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

ስንት ሰው እንደ ሞተ፣ ስንት ሰው እንደ ተሰደደ አነበበ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እሳቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶችን ከበላ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ነፋሱ አቅጣጫውን ስለ ቀየረ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመ። የከተማዋም እኩሌታ ተረፈ።»

አናጢዋ ያንኑ እንደገና እንዲያነብላት ለመነችው። አነበበላት።

«አባቴ የት አለ?»

መምህሩ ወረቀቱን አጠፈ። ኮሚቴው ስሙ እንዳይነሳ የወሰነው ለእነሱው አዝኖ መሆኑን ነገራት። ስሙ ከተነሳ አፍራሹ የሚባለው ነገር ይነሳል፤ እሱ ከተነሳ ያን ቀን ያፈረሳቸው ሰባቱ ቤቶች ይነሳሉ፤ የሙት ስም በመጽሐፍ ከሚጎተት በዝምታ ቢታለፍ አይሻልም ወይ? ሰዎቹም ጭንቅላታቸውን በስምምነት ነቀነቁ። እውነት ነው፣ ይለፍ፣ ነፍስ ይማር አሉ።

አናጢዋ ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ድምፅዋም ከፍ አላለም።

«መምህር፣ እግዚአብሔር የሠራውን እግዚአብሔር ይውሰድ። አባቴ የሠራውን ግን ለነፋስ አትስጡብኝ።»

«ልጄ፣ ሰው ይረግመዋል እኮ።»

«ይርገመው። የሚረገም ሰው ቢያንስ ነበረ ማለት ነው።»

 መምህሩ ያን ጊዜ ሐቁን ነገራት። ከሰባቱ ቤቶች ልጆች ሁለቱ ኮሚቴ ውስጥ ናቸው። እሷ ልጁ ናት፣ እትዬ እህቱ ናቸው፤ የእነሱ ምስክርነት በኮሚቴው ፊት አንድ ስንዝር አያስኬድም። ከሰባቱ ቤቶች አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አፉን ሞልቶ እሳቱን ያቆመው አባቷ ነው ቢለው ግን ሳይፈራ ይጽፈዋል። ነገ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ከነገ ወዲያ ግን አውቶቡሱ ማንንም አይጠብቅም።

«ከሰባቱ ቤት ለቅሶ የደረሰ አንድም የለም» አለች አክስቷ። «ለምስክርነት ሊመጡልን ነው?»

*

ከተማዋ የተወለደችው ከኬላ ነው። ድንበሩ ላይ እንጨት ተጋደመ፤ እንጨቱ ሥር መኪና ቆመ፤ የቆመ ሹፌር ሻይ ይጠጣል፣ ይራባል፣ ይተኛል። አንዷ ሻይ ጣደች፣ አንዱ አልጋ አከራየ፣ ሌላው ወፍጮ ተከለ፤ ከተማ ሆነ። በአምስተኛው ዓመት ሁለት መንግሥታት የትም በማይታወቅ ጠረጴዛ ላይ ተነጋግረው ድንበሩን ስምንት ኪሎ ሜትር አሻገሩት። ኬላው ተነሳ። ኬላ የሌለው የጠረፍ ከተማ ደግሞ ጥርስ እንደሌለው አፍ ነው፤ ከተማዋም ቆርቆሮዋን በመኪና ጭና ኬላውን ተከተለችው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግመው አነሱት፤ እሷም ደግማ ተከተለች። በዚያ ዘመን ሰው ቤትህ የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ዛሬ?» ብሎ መልሶ ይጠይቅ ነበር ይባላል።

አናጢው ያኔ ወጣት ነበር። ሰው ቤቱን በነቀለ ቁጥር ምስማሩ እየተጣመመ፣ እንጨቱ እየተሰነጠቀ ሲያለቅስ አይቶ አንድ ዘዴ አወጣ። ምስማር የሌለበት ቤት መሥራት ጀመረ። ቋሚና አግዳሚው በቀዳዳና በምላስ ይጋጠማል፤ መጨረሻ ላይ አንድ የእንጨት ሽብልቅ ይመታበታል። እናት ሽብልቅ ይላታል። እሷን የነቀለ ቤቱን ነቀለ ማለት ነው፤ ግድግዳው ከግድግዳው በሰላም ይለያያል፣ ተጭኖ ሄዶ እንደገና ይቆማል። የት እንደተመታች የሚያውቀው እሱና የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። መዶሻው ከላይ ወደ ታች ሲመታ ቤት እየተሠራ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲመታ ኬላው ተነስቷል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ሴቱ ድስት ማውረድ፣ ወንዱ ገመድ መፈለግ ይጀምራል።

እንዲህ ሆኖ ከተማዋ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሳለች ነው እሳቱ የመጣው፤ ዛሬ አርባ አንድ ዓመት ሞላው። በበጋ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከድንበር ማዶ በጀሪካን የሚገባው ነዳጅ ከሚቸረቸርበት ከላይኛው ሰፈር ተነሳ። ማን እንደለኮሰው ፈጣሪ ያውቃል። ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ከተማዋ ሁሉ ደረቅ እንጨት ናት፤ ያለው ውኃ አንድ የእጅ ጉድጓድ ነው። አናጢዋ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አክስቷ እጇን ይዛ ኬላው ያለበት ጉብታ ላይ አውጥታት ነበር። ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ወደ ላይ ሲሮጥ አባቷ መሰላል ተሸክሞ ወደ ታች ሲሮጥ አየች። ያኔ አፈረችበት። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ከተማዋ እንደ ወገብ የምትጠብበት ቦታ ነበር፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል አለት፣ መካከሉ ላይ ሰባት ቤቶች በአንድ ረድፍ። አባቷ እዚያ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያየችው የሚወድቁ ጣሪያዎችን ነው፤ ፈረሱ አይባልም፣ ግመል እንደሚንበረከክ ቀስ ብለው ነው የወረዱት። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት። የጭነት መኪና ሹፌሮች እንጨቱን በገመድ ጎትተው ወደ ገደሉ ጣሉት። እሳቱ ባዶው ቦታ ደረሰ፤ የሚበላ ፈለገ፣ አጣ። እዚያው እያቃሰተ ሞተ።

ከሰባቱ ጀርባ ያለው የመጀመሪያው ቤት የእሱ ነበር።

ነገሩ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የራሱን ቤት ለማዳን የሰው ቤት አፈረሰ ተባለ። ከእሱ ቤት በታችም ከተማዋ የምትጠብበት ቦታ ነበረ፤ ለምን እዚያ አልሄደም ተባለ። ደግሞም ነፋሱ ዞሮ ነበር፣ ባያፈርስም ይቆም ነበር ተባለ። ያለ ቤት የቀረው ሁሉ እሳቱን ቢሰድብ አይሰማውም፤ እሱን ቢሰድብ ይሰማዋል። አፍራሹ ብለው ጠሩት። ከተማዋ በብሎኬት እንደገና ስትሠራ አንድም ሰው ቤት ሥራልኝ አላለውም። አልጋ ያዙታል፣ በር ያዙታል፣ ሳጥን ያዙታል፤ ቤት ግን አይንካብን ይላሉ። አርባ አንድ ዓመት የዚህን ከተማ ሰው ሲያስተኛና ሲቀብር ኖረ፤ አንድም ቤት ግን ዳግም ሳይሠራ ሞተ።

*

ሐዘንተኛ በሁለተኛው ቀን ከቤት አይወጣም። አናጢዋ ወጣች። የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩ፤ አክስቷ ግን ጫማዋን እያቀበለቻት፣ ሰው ከጠየቀኝ የሞተውን ትታ ያልሞተ ልትጠይቅ ሄደች እላለሁ አለቻት።

የሄደችው ወደ ወፍጮ ቤት ነው። ከሰባቱ ቤቶች የመጀመሪያው የወፍጮ ቤቱ ነበር፤ ባለቤቲቱም ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት ነው የቀራት። ባሏ ከሞተ ቆየ። ወፍጮውን አሁን የሚሠራው ቅጥር ሰው ነው፤ እሷ ግን በየቀኑ መጥታ ከሚዛኑ ጎን ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቅንድቧ ሳይቀር በዱቄት ነጭ ነው። ሞተሩ ይጮሃል። አናጢዋ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ መናገር ነበረባት።

አባቴ ሞቷል አለቻት። እንዲያለቅሱልኝ አልመጣሁም። ነገ ከሰዓት በኋላ መምህሩ እቤት ይመጣል፤ ነፋሱ ነው ያቆመው ብሎ ሊያትም ነው። ያዩትን ይንገሩት። ቢጠሉትም ይንገሩት፤ ከነጥላቻዎ።

አሮጊቷ ፊቷን አላዞረችም። ለሠራተኛው የሚቀጥለውን ጆንያ አምጣ ብላ በእጇ ጠቆመችው።

አናጢዋ ዱቄት ለብሳ ተመለሰች። አክስቷ አየቻትና እያራገፈችላት፣ መልስ ባይሰጡሽም ባዶሽን አልላኩሽም አለች።

*

በሦስተኛው ቀን ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ባዶ ባዶ ሆኑ። መምህሩ እንደ ቃሉ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀቱ ጉልበቱ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ጠረገ፤ ይህን የሚያደርገው ሊነሳ ሲል ነው። አናጢዋ አላስቆመችውም። ሰው በልመና ተይዞ የሚጽፈው ታሪክ ነገ በሌላ ልመና ይፋቃል፤ ይህን ታውቃለች።

በሩ ላይ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ናት። ጎረቤቶች ብድግ አሉ፤ ግማሾቹ ከአክብሮት፣ ግማሾቹ ከድንጋጤ። የተሰጣትን ወንበር አልፋ ከአናጢዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ነፍስ ይማር አላለችም። ሻይ ሲያቀርቡላት እጇን አነሳች፤ አልጠጣም ማለቷ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ» አለች። «የአባትሽ ቤት ከሰባቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ያፈርሰው ነበር?»

 አክስቷ አፏን ልትከፍት ስትል አናጢዋ በዓይኗ ያዘቻት።

ይህን ጥያቄ ራሷ ጠይቃዋለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አንድ የዋንዛ ሳንቃ በሁለት በኩል ይዘው እየላጉ ነበር። አባቷ አልተቆጣም። መላጊያው ከጫፍ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ስስ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ወደቀ። ከዚያ አቆመና ሳንቃውን በመዳፉ ዳሰሰው። «አላውቅም» አለ። «በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፤ አላውቅም። እግሬ ሰባቱ ቤቶች ጋ ቆመ፤ ብዙ ቤት የሚተርፈው በዚያ ስለነበር ይሁን፣ ቤቴ ከጀርባዬ ስለነበር ይሁን እግዜር ይየው።» እሷ ያኔ ሌላ መልስ ፈልጋ ነበር። ምነው በዋሸኝ ብላ አስባ ነበር።

አሁንም መዋሸት ትችላለች። ያፈርሰው ነበር ብትል ማን ይክዳታል? የሞተ ሰው ምስክር አይቆምባትም። መምህሩ ብዕሩን ከፍቶ እየጠበቀ ነው፤ አባቷን ከመጽሐፉ የሚለየው አንድ ቃል ነው።

«ጠይቄው ነበር» አለች። «አላውቅም አለኝ።»

 አሮጊቷ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

«ያፈርሰው ነበር ብትዪኝ ተነስቼ እሄድ ነበር። ጻፍ፣ መምህር።»

መምህሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ያን ቀን ወፍጮው ይሠራ ነበር። ወፍጮ ሲሠራ እሪታ አይሰማም። ጭስም ቢገባ ከዱቄቱ አይለይም። ይህ ሰው በደጄ ገባ፤ መሰላል ተሸክሟል፣ መዶሻ ይዟል። ምን ልበል? ኬላው ደግሞ ተነሳ አልኩ በሆዴ። ወፍጮውን አጠፋሁና መሰላሉን ያዝኩለት።» ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ በአየር ላይ ጨበጠች። «እንዲህ አድርጌ። እንዳይወድቅ።»



«እሳት ነው አላለኝም። ፊቴን አየ፤ ምን እንዳሰብኩ ገባው፤ ዝም ብሎ መሰላሉን ወጣ። ቢነግረኝ ደጃፌ ላይ እቀመጥ ነበር፣ በሕይወቴ አልነሳም ነበር። ያውቀኛል። ድስቶቼን አውጥቼ ቀና ስል ነው ሰማዩን ያየሁት፤ ያኔ ቤቴ መሬት ላይ ነው፣ እሱ ሁለተኛው ቤት ላይ ነው። ባሌ ሲመጣ በግድ አፈረሰብኝ አልኩት። መሰላሉን ያዝኩለት ብዬ እንዴት ልንገረው? ስድስቱም ቤት ውስጥ እንደ እኔ ያደረገ አለ። ሁላችንም በግድ አልን። አርባ አንድ ዓመት በግድ ስንል ኖርን።»

«ነፋሱስ?» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

«አልዞረም። አመዱ እስከ ማግስቱ ፊታችን ላይ ሲዘንብ ነበር፤ ዞሮ ቢሆን ወዲህ ምን ይፈልጋል? ነፋሱ አልዞረም። እሳቱን ያቆመው ይህ ሰው ነው።» ትንሽ አረፈች። «ይቅር አለችው ብለህ እንዳትጽፍ ግን። አላልኩትም። አታሎኛል።»

መምህሩ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ አናጢዋን አየ።

«እሱም ይጻፍ» አለች።

«ይጻፍ» አለች አክስቷ። «ወንድሜ መልአክ ነበር ብለህ ብትጽፍ እኔ ራሴ እከስህ ነበር።»

መምህሩ ስለ ነፋሱ የሚለውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው። ከሥሩ ጻፈ፣ ከኅዳጉም ላይ ጻፈ፤ ቦታ ሲያጣ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ምን እንደሚሉት ከጎረቤት አንዱ ቢጠይቀው፣ የሚሉትን በአውቶቡስ ተከትለው ይበሉኝ አለ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበው። የአባቷ ስም ሁለት ጊዜ ገባ። አፍራሹ የሚለውም ገባ፣ መሰላሉም ገባ፣ ይቅርታ አለመደረጉም ገባ። አናጢዋ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሳንቃ ጫፍ እያየች አዳመጠችው። ጎድሎ ያገኘችው የለም።

አሮጊቷ ልትሄድ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ የአንድ እግሯ የጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተታል፣ ከዘራዋን ይዛ ጎንበስ ማለት አልቻለችም። አናጢዋ ከበርጩማዋ ወርዳ በጉልበቷ ቆመችና ማሰሪያውን ያዘች። አሮጊቷ ሚዛኗን ልትጠብቅ ይሁን ሌላም ይሁን፣ እጇን በአናጢዋ ራስ ላይ አሳረፈች። ከባድ እጅ ነው፤ ይሞቃል። 

አናጢዋ ማሰሪያውን አጥብቃ አሰረችው። ራሷ ላይ ያረፈው እጅ አልተነሳም። ፈታችውና እንደገና ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብላ ማሰር ጀመረች።